ማስተርስ፣ ፒኤምፒ ወይስ ፕሪማቬራ? ሥራ ላይ ላለች መሐንዲስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ዋና ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ። ቅዳሜን ጨምሮ በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ፤ ሁለት ልጆችም አሉኝ። ወደ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት ማደግ እፈልጋለሁ። የማታ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ፒኤምፒ ልውሰድ? አንድ ማሠልጠኛ በሦስት ቅዳሜና እሑድ ፒኤምፒ ትይዣለሽ ብሎኛል። ወይስ ከሁሉ በፊት ፕሪማቬራ የተባለውን የመርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር ልማር?»

ምላሽ፦

በቅድሚያ አንድ መደናገር መጥራት አለበት፤ ማሠልጠኛው የነገረዎት ነገር ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ስሕተት ነውና። ፒኤምፒ የሥልጠና ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፣ በምሕጻሩ ፒኤምአይ፣ ከ1984 ጀምሮ ልምድን መርምሮና ፈትኖ የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ ነው። በእርስዎ የትምህርት ደረጃ ላለ ሰው ለፈተናው መቀመጥ የሚቻለው የአራት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዲግሪ፣ በቅርብ ዓመታት ውስጥ ፕሮጀክት በመምራት የተገኘ የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት የፕሮጀክት ሥራ አመራር ትምህርት ሲሟላ ነው። የሦስት ቅዳሜና እሑድ ሥልጠና፣ በቀን ስድስት ሰዓት ቢያዝ፣ 36 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የሚያሟላው የመጨረሻውን መስፈርት ብቻ ነው። በማጠቃለያው ዕለት የሚሰጥዎት ወረቀት ሥልጠናውን መከታተልዎን ከመመስከር አያልፍም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሥልጠና ወረቀታቸውን በቅንነት እንደ ማረጋገጫ ያቀረቡ ጎበዝ መሐንዲሶች የማረጋገጫ ቁጥራቸውን ሲጠየቁ አንገታቸውን ሲደፉ ስላየሁ ነው።

አስቸጋሪው የልምዱ መስፈርት ነው። እርስዎ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ ፒኤምአይ የሚቆጥረው ግን ፕሮጀክት የመሩባቸውን ወራት ነው፤ ሁለት ሕንፃ በአንድ ጊዜ ይዘው የሠሩበት ወርም እንደ አንድ ወር ብቻ ይቆጠራል። «ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ» የሚል የሥራ መደብ መያዝ ግዴታ አይደለም። ቴክኦፍ ሲያወጡ፣ ማለትም የሥራ መጠን ከንድፍ ላይ ሲያሰሉ፣ እና የክፍያ ሰርተፊኬት ሲያዘጋጁ ያሳለፏቸው ዓመታት ለብቻቸው አይበቁም፤ መርሐ ግብር አውጥተው ያስፈጸሙባቸው፣ ንዑስ ተቋራጮችን ያስተባበሩባቸው፣ ስለ ቫሪየሽን (በውሉ ሥራ ላይ ስለሚደረግ ለውጥ) ከአማካሪው ጋር የተደራደሩባቸው ወራት ግን በእርግጥ የመምራት ሥራ የሠሩባቸው ናቸው። እንግዲህ ደብተር ይክፈቱና እያንዳንዱን ፕሮጀክት ከጀመሩበት ወር እስከ ጨረሱበት ወር፣ በጊዜው የበላይዎ ከነበረው ሰው ስልክና ኢሜይል ጋር ይመዝግቡት። በአገራችን የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራ መደብንና ደመወዝን ይጠቅሳል እንጂ የትኛውን ሕንፃ ማን እንደመራው አይናገርም። ፒኤምአይ ደግሞ ከሚቀርቡለት ማመልከቻዎች የተወሰኑትን በዕጣ እየለየ ይመረምራል፤ ዕጣው ከደረሰዎት የዲግሪዎን ቅጂ፣ የሥልጠናውን ምስክር ወረቀትና የቀድሞ ኃላፊዎችዎን ፊርማ በ90 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይኖርብዎታል። ከስድስት ዓመት በፊት አለቃዎ የነበረው ሰው ዛሬ ዱባይ ወይም ዳላስ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አፈላልጎ ማስፈረም ከጥናቱ ያልተናነሰ ድካም የሆነባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ቆጥረው 36 ወር የማይሞላ ከሆነ አይጨምሩበት። የ23 ሰዓት ትምህርት ብቻ የሚጠይቀውንና የመምራት ልምድ የማይፈልገውን ካፕም የተባለውን የጀማሪ ማረጋገጫ እየያዙ ወራቱን መሙላት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ እንደማምነው፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው ትምህርት የሚመረጠው በአንድ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ትምህርቱ ዛሬ በእጅዎ ያለውን ፕሮጀክት ይዘው እንዲገቡ ይፈቅድልዎታል ወይ የሚለው ነው።

ይህን እምነት ያገኘሁት ከራሴ ስሕተት ነው። በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት የፕላን መሐንዲስ በነበርኩበት ዘመን በተከታታይ ዓመታት ሁለት ሥልጠና ወስጄ ነበር። በመጀመሪያው አምስት ቀን ሙሉ ስላይድ ስናይ ዋልን፤ ምሳሌዎቹ በሙሉ በውጭ አገር ሶፍትዌር ስለሚሠሩ ድርጅቶች ነበሩ፤ ሳይት ስመለስ በሥራዬ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። በሁለተኛው ግን አሠልጣኙ የየራሳችንን ፕሮጀክት መርሐ ግብር ይዘን እንድንመጣ አዘዘ። የእኔን በግድግዳው ላይ አብርቶ፣ «የማጠናቀቂያውን ቀን የሚወስነው የትኛው ሥራ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በመርሐ ግብሩ ከተዘረዘሩት 610 ሥራዎች ውስጥ ከ200 የሚበልጡት ከተከታያቸው ጋር አልተያያዙም ነበር፤ አንዱ ሦስት ወር ቢዘገይ የትኛውም ቀን ንቅንቅ አይልም። በየወሩ ለአማካሪው የምልከው ባለ ቀለም ሰንጠረዥ ስዕል ብቻ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራዎቹን እርስ በርስ ማያያዝ ጀመርን። የማፋሰሻ ቱቦ ሳይቀበር ሙሌት አይሞላም፤ ሙሌቱ ከክረምት በፊት ካልተጠቀጠቀ ደግሞ እስከ መስከረም መጠበቅ ግድ ነው፤ ቱቦዎቹም ገና አልታዘዙም ነበር። ማያያዙን ስንጨርስ የማጠናቀቂያው ቀን አራት ወር ገፋ። የማጠናቀቂያውን ቀን የሚወስኑትን ተከታታይ ሥራዎች የሚለየው የወሳኝ መስመር ስሌት እ.ኤ.አ. በ1957 በዱፖንት ኩባንያ ከተነደፈ ጀምሮ በየማስተማሪያው የሚገኝ ነው፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን በገዛ ቱቦዎቼ ላይ ሳየው ነው።

ለእርስዎ ሥራ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። በየወሩ የምንጽፋቸው ሪፖርቶች «አካላዊ አፈጻጸም» እና «ፋይናንሳዊ አፈጻጸም» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሏቸው፤ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያነብ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። በ24 ሚሊዮን ብር በ12 ወር እንዲያልቅ የታቀደ፣ ወጪውም በየወሩ እኩል የተመደበ አንድ ሕንፃ እንውሰድ። በስድስተኛው ወር መጨረሻ 12 ሚሊዮን ብር ወጥቷል። ጊዜው ተጋምሷል፣ ገንዘቡም ተጋምሷል፤ በስብሰባው ላይ «ፋይናንሳዊ አፈጻጸሙ በዕቅዱ መሠረት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን የተሠራው ሥራ 40 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ በዕቅዱ ዋጋ ሲተመን 9.6 ሚሊዮን ብር ነው። 9.6ን ለወጣው 12 ሲያካፍሉ 0.8 ያገኛሉ፤ ይህም ከሚወጣው ከእያንዳንዱ ብር የ80 ሳንቲም ሥራ ብቻ እየተገኘ ነው ማለት ነው። አካሄዱ ካልተለወጠ የሕንፃው ጠቅላላ ወጪ 24 ለ0.8 ሲካፈል፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ስድስት ሚሊዮኑ እንደሚጎድል በስድስተኛው ወር ማየት ይቻላል፤ የሚሰማው ግን በሥራው መጨረሻ ግድም፣ ለፌሮና ለሠራተኛ የሚከፈል ገንዘብ ሲታጣ ነው። ለዚህ ስሌት የሚያስፈልጉት ቁጥሮች በሙሉ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ ከምንም ነገር በፊት ይህን በራስዎ ሕንፃ ላይ ሠርተው ለሥራ አስኪያጅዎ በአንድ ገጽ ቢያቀርቡ፣ ወደሚፈልጉት ደረጃ ከማንኛውም ምስክር ወረቀት ይልቅ ያቀርብዎታል ብዬ አምናለሁ።

ሥልጠና ሲመርጡ የማሠልጠኛውን ስም ትተው አሠልጣኙን ይጠይቁ። ፕሮጀክት መርቷል? የሠልጣኞችን መርሐ ግብርና በጀት ተቀብሎ ያርማል? ስለ ስጋት ሲያስተምር የውጭ ምንዛሪን፣ ሲሚንቶንና ክረምትን ያነሣል? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። አንድ ተቋራጭ 60,000 ዶላር የሚያወጣ ሊፍት በ57 ብር አስልቶ ውል ገብቶ ከነበረ፣ 3.42 ሚሊዮን ብር የያዘለት ዕቃ በ110 ብር ሲመነዘር 6.6 ሚሊዮን ይሆንበታል። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ፣ የመጠባበቂያ በጀትና ዕቃ ቀድሞ የማዘዝ ውሳኔ በዚህ ምሳሌ ከተማሩ አይረሱም። የስጋት መዝገብ ማለት አምስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው ተብሎ የሚታለፍበት ሥልጠና ግን ለእርስዎ ብዙም አይጠቅምም።

የማስተርሱን ጉዳይ በተመለከተ፣ በሩን ይዝጉ አልልም፤ ተራው ገና ነው ባይ ነኝ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተለምዶ ኮሜርስ በሚባለው ትምህርት ቤትም ሆነ በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ማስተርስ ይሰጣል፤ አምስት ኪሎ ደግሞ በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት የሚሰጠው ማስተርስ ለሲቪል መሐንዲስ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። ማስተርስ የሚያስፈልግዎ የሥራ መደብ ዕድገትዎ በዲግሪ ደረጃ የሚለካ ከሆነ፣ ማስተማር ካሰቡ ወይም አንድን ጉዳይ፣ ለምሳሌ በሕንፃ ሥራ የመዘግየትን መንስኤ፣ በጥልቀት መመርመር ከፈለጉ ነው። ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብዎታል። ከዚያ በኋላ ኮርሱን ከሥራ ጋር አስኬደው ይጨርሱትና መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ተማሪዎች የሚቀሩት እዚያ ላይ ነው። ስድስት ቀን ለሚሠራ ወላጅ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የተቋራጭ ድርጅት ግን አንድን ሰው በሥራ አስኪያጅነት ሲመድብ የሚያየው ባለፈው ሕንፃ ላይ ያደረገውን ስለሆነ፣ እርስዎ አሁን ለያዙት ዓላማ ማስተርሱ አጭሩ መንገድ አይመስለኝም።

ወደ ፒኤምፒ ፈተና ሲገቡ መሐንዲሶችን የሚጥላቸው ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በወጣው ይዘት መሠረት ፈተናው 180 ጥያቄዎችና 230 ደቂቃ ነበረው፤ 42 በመቶው ስለ ሰዎች አመራር፣ 50 በመቶው ስለ ሥራው ሂደት፣ 8 በመቶው ስለ ድርጅቱ አካባቢ ሲሆን፣ ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ አጃይል፣ ማለትም ሥራን በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩ ዕቅዱን የማስተካከል፣ ወይም ቅይጥ የሚባለውን አሠራር የሚመለከቱ ነበሩ። ፒኤምአይ ይዘቱን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚከልሰው፣ ከመመዝገብዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የይዘት ዝርዝር አውርደው ያንብቡ፤ አሮጌ የጥያቄ ስብስብ ከጓደኛ ተቀብለው አይሸምድዱ። የጥያቄዎቹን ጠባይ ለማሳየት ያህል፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ንዑስ ተቋራጮች ሽቦና ቧንቧ ከፎቅ ወደ ፎቅ በሚያልፍበት በአንድ ሻፍት ተጣልተው ሥራ ቆሟል እንበል፤ ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ምን ያድርግ? ለበላይ ሪፖርት ያድርግ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ፣ መርሐ ግብሩን ይከልስ ወይስ ሁለቱን ፎርማኖች ሻፍቱ አጠገብ አቁሞ የጠቡን ምንጭ ይረዳ? ፈተናው የሚፈልገው የመጨረሻውን ነው። እኛ ደግሞ ደብዳቤ ያላስገባ ተጠያቂ በሚሆንበት አሠራር ስላደግን እጃችን ወደ ደብዳቤው ይሄዳል።

ደብዳቤውን ይናቁት ማለቴ አይደለም። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው የግንባታ ውል አንቀጽ 20.1 መሠረት፣ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚያስጠይቅ ነገር መድረሱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። አሠሪው ሳይቱን ነጻ አድርጎ ባለማስረከቡ ሁለት ወር ቆሞ፣ ማሳወቂያው በ28ኛው ቀን ሳይሆን በ40ኛው ቀን በመግባቱ ክሌሙን፣ ማለትም የተጨማሪ ጊዜና ክፍያ ጥያቄውን፣ ያጣ ፕሮጀክት አውቃለሁ። የውል አስተዳደር በፒኤምፒ ሥልጠናዎች በስሱ የሚነካ ትምህርት ነው። በእርስዎ ሙያ ግን ዋና ነውና፣ በውልና በክሌም ላይ ብቻ የሚያተኩር አጭር ሥልጠና ከ35 ሰዓቱ በተጨማሪ እንዲወስዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጊዜውን እንዲህ ቢደለድሉት ጥሩ ነው። ሰኔ የክፍያና የሂሳብ መዝጊያ ወር ስለሆነ አይንኩት። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የመሠረትና የአርማታ ሥራ በዝናቡ ምክንያት ሲቀዘቅዝ፣ 35 ሰዓቱን በምሽት ወይም እሑድ እሑድ ይጨርሱ። ይህንም ጨምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሳምንት ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ቢያጠኑ፣ ከሐምሌ 15 እስከ ኅዳር 30 ያሉት 20 ሳምንታት ከ120 እስከ 140 ሰዓት ይሰጡዎታል፤ ይህም እንደ እኔ ግምት ለእርስዎ ልምድ በቂ ነው። ሰዓቱን ከልጆችዎ እንቅልፍ በኋላ ሳይሆን ከመንቃታቸው በፊት ያድርጉት፤ በምሽት ደክሞ የተጠና ነገር በማግሥቱ አይታወስም። ማመልከቻዎ ከጸደቀ በኋላ የአንድ ዓመት ጊዜና እስከ ሦስት ጊዜ የመፈተን ዕድል ይኖርዎታል። ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት መፈተን ቢፈቀድም፣ መብራት በመካከል ቢጠፋ የሚደርሰውን ጭንቀት አስበው በፈተና ማዕከል ይቀመጡ።

ክፍያው በዶላር ስለሆነ ድርጅትዎን ድጋፍ ይጠይቁ። ጥያቄውን በሥራው ጥቅም ይደግፉት፤ ከላይ ያነሣሁት የአንድ ገጽ ስሌት እዚህም ያገለግልዎታል። ድርጅቱ ከከፈለ የአገልግሎት ግዴታ ውል ሊያስፈርምዎት ይችላል፤ ስንት ዓመት እንደሆነና ቀድመው ቢለቁ የሚመልሱት ገንዘብ ባገለገሉበት ጊዜ ልክ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ።

ማረጋገጫውን ካገኙ በኋላም ትምህርቱ አይቆምም። በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ማስመዝገብ ግዴታ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቢያንስ 35ቱ በመማር የሚገኙ መሆን አለባቸው፤ ቀሪውን በሥራና ሌሎችን በማስተማር መሙላት ይቻላል። ብዙዎች ይህን በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ በጥድፊያ በሚያዩት ቪዲዮ ይሞሉታል፤ ይህ ያሳዝነኛል። በሥርዎ ያሉ ጀማሪ መሐንዲሶችን በወር አንድ ቀን ሰብስበው የሕንፃውን መርሐ ግብር አብረው ቢያነቡት፣ ነጥቡም ይገኛል፤ እነሱም እኔ ያጣሁትን ነገር ከጅምሩ ያገኙታል።

ፕሪማቬራን የመጨረሻ ያደረግኩት ጠቃሚ ስላልሆነ አይደለም፤ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ይጠይቁታል። ነገር ግን ያኔ የእኔ መርሐ ግብር የተሠራው በሶፍትዌር ነበር፤ ሶፍትዌሩም ከ200 በላይ ያልተያያዙ ሥራዎችን ያለ ተቃውሞ ተቀብሎ አሳምሮ አትሞልኛል። ስለዚህ ሐምሌ ከመድረሱ በፊት፣ የአሁኑን ሕንፃዎን መርሐ ግብር በትልቅ ወረቀት ያትሙት፤ በቀይ እስክሪብቶ ተከታይ የሌላቸውን ሥራዎች ሁሉ ያክብቡ። ከዚያም ከሳይት መሐንዲሱና ከፎርማኑ ጋር ተቀምጠው «ይህ ሲያልቅ ምን ይጀመራል?» እያሉ በእርሳስ መስመር ያገናኙዋቸው። ይህ ካለቀ ፕሪማቬራ ላይ ማስገባቱ የሁለት ሳምንት ልምምድ ነው።